ቡት ሪፔር፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ በተጫኑበት ላፕቶፕ ላይ እንዳየሁት

በአንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስንና ከሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን አብሬ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው ወር ግን ዊንዶውስ አፕዴት አድርጎ ሲነሳ ሁለቱን የሚያስመርጠው የግራብ (የኡቡንቱ ማስነሻ ፕሮግራም) ዝርዝር ጠፋና ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባ ጀመር። የወሰድኩበት ጥገና ቤት ፎርማት ከማድረግ ሌላ መፍትሔ የለውም አለኝ። የሁለት ዓመት ሥራዬ ያለው በኡቡንቱ በኩል ስለሆነ አልተስማማሁም፤ ላፕቶፑን ይዤ ቤቴ ተመለስኩና የኮምፒውተርን አነሳስ የሚጠግነውን ቡት ሪፔር የተባለ ነጻ ፕሮግራም ሞከርኩ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስቶ፣ ሳይጭኑ ለመሞከር የሚያስችለውን ምርጫ ተጭኖ መግባትና ኢንተርኔት አገናኝቶ ፕሮግራሙን ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) መጫን ይበቃል። በሚከፈተው መስኮት ላይ ከላይ ጎልቶ የሚታየው የሚመከረውን ጥገና የሚያካሂደው ቁልፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ምንም ሳይነካ የዲስኩን ሁኔታ የሚገልጽ ዘገባ በጽሑፍ ያወጣል። እኔ ሁለተኛውን አስቀደምኩ። የኡቡንቱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እንዳለ ነበር፤ ማስነሻ ፋይሎች በሚቀመጡበት ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥም «ኡቡንቱ» የሚለው ፎልደር «ማይክሮሶፍት» ከሚለው ጎን ተቀምጧል። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነበር፦ ዊንዶውስ ራሱን ከፊት አድርጓል። ጥገናውን አስኬጄ ላፕቶፑን እንደገና ሳስነሳ ዝርዝሩ ተመልሶ መጣ። ለእንዲህ ያለው ችግር ባዮስ (ዊንዶውስም ሆነ ኡቡንቱ ሳይነሳ የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ኡቡንቱን ወደ ላይ ማውጣትም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ያወቅሁት ግን ከዘገባው ስለሆነ ለእኔ ከጥገናው ቁልፍ ይልቅ ዘገባው ይበልጥብኛል።

ሁሉንም ችግር ግን አይፈታም። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ የደኅንነት አፕዴት የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን ሲያግድ፣ ስህተቱ ያለው ከግራብ ሳይሆን ያልተፈቀደ ማስነሻን ከሚከለክለው ከሴኪዩር ቡት ስለነበረ፣ መፍትሔው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ወደ ኡቡንቱ መግባት፣ አዲሱን የእገዳ ደንብ ከዚያ መሰረዝና መልሶ ማብራት ነበር። በኡቡንቱ 22.04 ደግሞ ከዝርዝሩ የሚጠፋው ዊንዶውስ ሊሆን ይችላል፤ ግራብ ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን እንዳይፈልግ ተደርጎ ስለሚመጣ ፍለጋውን በማስተካከያ ፋይሉ መፍቀድና ግራብን ማደስ ያስፈልጋል።

ዊንዶውሱ በቢትሎከር (ዲስክን በምስጢር በሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) የተቆለፈበት ሰው ከሁሉ በፊት ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ወይም የማስነሻው ቅደም ተከተል ሲለወጥ ዊንዶውስ ይህን ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ የሌለው ሰውም ያን ጊዜ ኡቡንቱን አገኛለሁ ብሎ የዊንዶውሱን ፋይሎች ሊያጣ ይችላል።