ለመርፌ የማትቸኩል ሲስተር፣ ጅማ ሂርማታ

ሂርማታ ገበያ አቅራቢያ ካሉት ጤና ተቋማት በአንዱ ህጻናት የምታክመውን ሲስተር በአደባባይ ልናመሰግናት ነው። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ የሰፈሩ እናቶች ያውቋታል። እኛ በሙያው ውስጥ ስላለን የምንጠቁማችሁ በአሰራሯ ነው።

ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሳልና ስለ ንፍጥ ነው። ሳል፣ ንፍጥ፣ የድምፅ መጎርነን ወይም የዓይን መቅላት ካለ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነውና ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽና እረፍት ሰጥታ ትሸኛለች። ሳል ሳይኖር ትኩሳቱ ከ38 ካለፈ፣ ቶንሲሉ አብጦ ነጭ መግል ከቋጠረ፣ ከመንጋጋ በታች ከፊት በኩል ያለው እጢ ሲነካ ካመመ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ትጠረጥራለች፤ በተለይ ከ3 እስከ 14 ዓመት ባለ ልጅ። የባክቴሪያው መመርመሪያ ሲኖር የናሙና መውሰጃ ጥጡን ሁለቱም ቶንሲል ላይና ከኋላ ባለው የጉሮሮ ግድግዳ ላይ ታሻለች። ልጁ ተፈራገጠ ብሎ ምላስና ጉንጭ ነክቶ «ነጌቲቭ» የሚል ስንት አለ!

መርፌ ካስፈለገ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፦ ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ 600 ሺህ ዩኒት፣ 27 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን። የሚወጋው ጡንቻ ላይ ነው፤ ደም ስር ከገባ ይገድላል። ቀድማ ስለ አለርጂ ትጠይቃለች፣ ከወጋች በኋላም 30 ደቂቃ ታስቀምጣለች። «ምን ያስጠብቀናል» የሚል ወላጅ አይጠፋም፤ ልክ እሷ ናት።

በጣም የወደድንላት የሽሮፕ ስሌቷን ነው። በመርፌው ፋንታ የሚሰጠው አሞክሳሲሊን በቀን ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊግራም ነው፣ ከ1000 ግን አያልፍም። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1000 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ ጠዋት 10፣ ማታ 10 ሚሊ ሊትር። ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በ5ኛው ቀን ያልቃል፤ ህክምናው ግን 10 ቀን ነው። ትኩሳቱ በ2 እና በ3 ቀን ስለሚበርድ ብዙው ቤት በአንድ ጠርሙስ ይቆማል። እሷ ከመጀመሪያው ሁለት ታዝዛለች፣ ሁለተኛው ዱቄት የመጀመሪያው ሳያልቅ እንዳይበጠበጥም ትነግራለች። ጠርሙሱ ላይ በ250 ፋንታ 125 የሚል ከሆነ የሚሰጠው ሚሊ ሊትር እጥፍ ነው፣ ሳታዩ አትስጡ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የልብ በር ከሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ለመከላከል ነው፤ ህመሙ ከጀመረ እስከ 9ኛው ቀን ድረስ መድኃኒት መጀመር አሁንም ይጠቅማል።

እንጥል ሊያስቆርጡ ያሰቡትንም ሳትቆጣ ትመልሳለች፦ መቁረጡ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ደም ማፍሰስና አዲስ ቁስል ግን ያመጣል።

ስትሄዱ ልጁ ቀድሞ የወሰደውን መድኃኒት ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ አፉ አልከፈት ካለ፣ አንገቱ በአንድ ጎን ካበጠ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ግን እሷ ጋር አትሂዱ፤ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።