የልጃችንን ጌኮ መኖሪያ ላስተካከሉልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በሰሜን ቨርጂንያና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁም ጌኮ የሚባለውን የእንሽላሊት ዓይነት ካላሳደግን እያሉ ለሚወተውቷችሁ ወላጆች ይጠቅማል በሚል፣ በዚያውም የሚገባውን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ምስጋናው የሚገባቸው የተሳቢ እንስሳት ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ደግሞ ቤት ድረስ እየሄዱ የእንስሳቱን መኖሪያ የሚያስተካክሉ አንዲት ባለሙያ ናቸው። ስማቸው እዚህ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩትም።

ወደ ሌላ ግዛት የተዛወሩ ጎረቤቶቻችን ሌፐርድ ጌኳቸውን ከነመስታወት ሳጥኑ ለልጃችን ሰጥተውት ነበር። ሳጥኑ ከካልሲየም የተሠራ ባለቀለም አሸዋ የተነጠፈበት፣ ከሥሩም የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው የማሞቂያ ምንጣፍ የተለጠፈበት ነው። ባለሙያዋ ቤታችን እንደገቡ ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ዕቃ ሳያነሱ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የአሸዋውን ገጽ ለኩ፤ ለብ ያለ ነበር። ከዚያም አሸዋውን በማንኪያ ገለጥ አድርገው ከሥር ያለውን መስታወት ሲለኩ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ ተገኘ። ላይ ላዩን ሲነኩት ምንም የማይመስለው ወለል፣ በአመድ እንደተዳፈነ ፍም ሙቀቱን ከታች ይዞ ኖሯል። ጌኮ ደግሞ ሙቀት ፍለጋ መቆፈር ልማዱ ስለሆነ፣ ከዚያ መስታወት ላይ ቢተኛ ሆዱ ሊቃጠል ይችል እንደነበር አስረዱን።

ከእርሳቸው የተማርነው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ወለልና ማሞቂያ ለየብቻ የሚመረጡ ዕቃዎች አይደሉም። የምንጣፉ ሙቀት ወደ እንስሳው ሆድ የሚደርሰው በወለሉ በኩል አልፎ በመሆኑ፣ ወለሉ ሲቀየር ማሞቂያውም እንደገና መስተካከል አለበት። ከዚያ በፊት የጠየቅናቸው ሻጮች በሙሉ ወለሉን በአንድ መደርደሪያ፣ ማሞቂያውን በሌላ መደርደሪያ አሳይተውን ነበር የሸኙን።

ሌፐርድ ጌኮ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ህንድ ደረቅና ድንጋያማ አካባቢዎች እንስሳ ነው። በረሃ ሲባል የአሸዋ ክምር ብቻ ስለሚታሰብ ብዙ ሰው አሸዋ ይመርጥለታል፤ እርሱ ግን በተፈጥሮው የሚውለው በድንጋይ ስንጥቅና በጠጠር በተጠቀጠቀ ደረቅ አፈር ላይ ነው። ግድግዳ ላይ እንደሚወጡት ጌኮዎች የሚጣበቅ መዳፍ የለውም። ዕድሜውን ሁሉ መሬት ላይ ስለሚያሳልፍ (በጥሩ አያያዝ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል) የሚተኛበት ነገር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ልቅ አሸዋ የሚፈራበት ምክንያትም ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ ነው። ጌኮ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ ስለሚያገኝ፣ የበላው ፌንጣና ትል እንዲፈጭለት የሞቀ ቦታ ያስፈልገዋል። ሙቀቱ ሲያንስ ምግቡ አንጀት ውስጥ ይቆያል፤ ከምግቡ ጋር የተዋጠ አሸዋ ካለ ደግሞ ተጠራቅሞ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። የካልሲየም እጥረት ያለበት ጌኮ ሆን ብሎ አሸዋውን ይልሳል፤ ስለዚህ «ቢዋጥም ይፈጫል» እየተባለ የሚሸጠው የካልሲየም አሸዋ በትክክል የሚጎዳው እርሱን የሚልሰውን ጌኮ ነው። ባለሙያዋ አሸዋውን በሙሉ አውጥተው፣ የካልሲየም ዱቄት በትንሽ ክዳን ለብቻው እንዲቀመጥለት አደረጉ።

በምትኩ ምን ይነጠፍ የሚለው ላይ ሰፊ ጊዜ ወሰዱ። የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ስለታም ስለሆነ፣ የጥድ ዘር እንጨቶች ፍቅፋቂ ደግሞ ሽታው ለመተንፈሻ አካሉ ጥሩ ስላልሆነ ወዲያውኑ ከዝርዝሩ ወጡ። ለተሳቢ እንስሳት ተብሎ የሚሸጠውን ምንጣፍም አልወደዱትም፤ ጥፍር በክሩ ይያዛል፣ ካልታጠበም ባክቴሪያ ያከማቻል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተራ የወጥ ቤት ወረቀት እንድናነጥፍ ነገሩን። ውበት የለውም፤ ነገር ግን እንስሳው በትክክል መጸዳዳቱና ምግብ መፍጨቱ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል። ጤንነቱ ሲረጋገጥ ሴራሚክ ተነጠፈለት። ሴራሚኩ የማያብለጨልጭና ሸካራ እንዲሆን፣ ፌንጣ እንዳይደበቅበትም በጠርዙ ክፍተት እንዳይቀር ባለሙያዋ አጥብቀው አሳሰቡ። ሴራሚክ ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፣ ለማጽዳት ይቀላል፣ ጥፍሩንም ያሞርድለታል። ልጃችን የተፈጥሮ መሬት የሚመስል ነገር ቢፈልግም፣ የአፈርና የአሸዋ ድብልቅ ጤናማ ለሆነ አዋቂ ጌኮ እንጂ ለእንዲህ ያለው ገና እንደማይሆን በትዕግሥት አስረድተው ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ማሞቂያውን በተመለከተ አሮጌውን ምንጣፍ ጥለው፣ የወለሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ የሚሸፍን አዲስ ምንጣፍ በአንድ ጫፍ ከመስታወቱ ውጭ ለጠፉ። ሙቀቱ ታፍኖ መስታወቱን እንዳይሰነጥቀው ሳጥኑን በትንንሽ እግሮች ከጠረጴዛው ከፍ አደረጉት። ምንጣፉ የተሰካው በቴርሞስታት (በሙቀት መቆጣጠሪያ) በኩል ነው። የቴርሞስታቱ የመለኪያ ጫፍ በሳጥኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቢቀር አየሩን እየለካ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ማሞቁን ይቀጥላል፤ ስለዚህ እንስሳው ሊያነሣው በማይችልበት ቦታ፣ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አስገቡት። ከዚያም የሴራሚኩ ገጽ በመደበቂያው ውስጥ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እዚህ አገር በለመድነው አቆጣጠር 90 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ እስኪደርስ ድረስ ቴርሞስታቱን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ለኩ። ሴራሚክ ለመሞቅ ጊዜ ስለሚወስድ ከሰዓት በኋላውን እዚያው አሳለፉ፤ ቡና አፍልተን አስተናገድናቸው። ሌላው ጫፍ ከ25 ዲግሪ በታች እንዲሆን ተደረገ፤ ጌኮው ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ከሌለው ማሞቂያው ጥቅም የለውም። በመካከሉ እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ያለበት መደበቂያ ተቀመጠ፤ ቆዳው ሲገፈፍ በጣቶቹ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ቆዳ ደም አግዶ ጣት ያስቆርጣልና።

ልጃችን በሶኬት የሚሠራውን የማሞቂያ ድንጋይ አይቶ ለምኗቸው ነበር። አንዳንዱ ቦታው ከመጠን በላይ እየጋለ እንስሳውን ያቃጥላል ብለው፣ ከሱቃቸው መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ አልሸጥም አሉ። ለሌሊት ቀይ አምፖል ልገዛ ስልም ቤታችን ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች ስለማይወርድ አያስፈልግም ሲሉ ከለከሉኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

እናቴ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ፣ እንሽላሊት ቤት ውስጥ መግባቱም ከመጀመሪያው ስላልጣማቸው፣ ባለሙያዋ ለእርሳቸው ሲሉ ስለ ሳልሞኔላ (ከተሳቢ እንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፈው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ) አንሥተው ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብን፣ የሳጥኑን ዕቃ በወጥ ቤት መታጠቢያ አለማጠብን አደራ ብለዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ወይም 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ባሉበት ቤት ተሳቢ እንስሳት እንዳይኖሩ ይመክራል፤ እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት ይህን አስቡበት። እኛ ሳጥኑን እናቴ በማይገቡበት ክፍል አድርገነዋል።

ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖር ቀጠሮ ለማግኘት ብዙ መጠበቅ ማስፈለጉ ነው፤ ደግሞም ሲያብራሩ ይረዝማሉ፤ የቸኮለ ሰው ይሰለቻል። የእንስሳት ሐኪም አይደሉም፤ የታመመ ጌኮ ያለው ሰው ሲደውልላቸው አስቀድሞ ሐኪም እንዲያሳይ ነው የሚነግሩት። የምትፈልጉ በግል መልእክት ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉላቸው የሳጥኑን ርዝመትና ስፋት፣ የማሞቂያው ዋት የተጻፈበትን ክፍል ፎቶ፣ አሁን የተነጠፈውንም ነገር ዓይነት ብታዘጋጁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።