«አክቲቭ» ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም፦ የኢንፊኒባንድ-ዲያግስ ግምገማ

ክላስተር (ኖድ የሚባሉ ብዙ ማሽኖች እንደ አንድ የሚሠሩበት) ላይ ስራ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፕሮግራሙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለው አንድ ኬብል ላይ ነው። ኖዶቹ በየዙሩ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ፣ አንድ የታመመ ፖርት 31 ጤነኞችን ይጎትታል። ያንን አንዱን ለይቶ ለማውጣት ኢንፊኒባንድ የሚባለውን የክላስተር ፈጣን መረብ የሚመረምረው ኢንፊኒባንድ-ዲያግስ የሚባለው ነጻ ጥቅል አስተማማኝ ነው፤ ቅር የሚያሰኝ ጉድለት ግን አለው፣ እሱን ከታች እናየዋለን። በኡቡንቱም በሮኪ ሊኑክስም በዚሁ ስም ይጫናል።

አይቢስታት የሚለውን ትዕዛዝ ሲሰጡ ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ክምር መስመር ይወጣል። ዓይን ማረፍ ያለበት አራቱ ላይ ነው፦ ስቴት፣ ፊዚካል ስቴት፣ ሬት (ፍጥነቱ፣ በጊጋቢት) እና ኤስኤም ሊድ (መረቡን የሚያስተዳድረው የሰብኔት ማኔጀር አድራሻ)። ባለ 100 ጊጋቢት ኮኔክትኤክስ-5 ካርድ ደህና ከሆነ ስቴቱ አክቲቭ፣ ፊዚካል ስቴቱ ሊንክአፕ፣ ሬቱ 100 ይላል፤ ኤስኤም ሊዱም ዜሮ አይሆንም።

ፊዚካል ስቴቱ ፖሊንግ ካለ፣ ካርዱ ከወዲያኛው ጫፍ መልስ እየጠበቀ ነው። ሶፍትዌር ውስጥ መቆፈር ትርፉ ድካም ነው። ኬብሉን በሁለቱም በኩል ነቅሎ ቀጭ እስኪል መሰካት፣ እምቢ ካለ በሚሠራ ኬብል መተካት፣ ከዚያ በኋላ የስዊቹን ፖርት መቀየር። ሁለቱን ባንዴ የቀየረ ሰው ጥፋቱ የት እንደነበር ሳያውቅ ይቀራል።

ሊንክአፕ እያለ ስቴቱ ኢኒሻላይዚንግ ላይ ከቆመ ግን ኬብሉን አይንኩት። የጎደለው ሰብኔት ማኔጀር ነው። ኢንፊኒባንድ እንደ ኢተርኔት ስለተሰካ ብቻ አይሠራም፤ ለየፖርቱ ሊድ የሚባለውን አድራሻ የሚያድል አስተዳዳሪ ይፈልጋል፣ ወይ ስዊቹ ውስጥ፣ ወይ በአንድ ሰርቨር ላይ በሚሠራ ኦፕንኤስኤም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰብኔት ማኔጀሩ ሲሞት ቀድመው የተነሱት ኖዶች አክቲቭ እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ ሪስታርት የተደረገው ኖድ ብቻ ኢኒሻላይዚንግ ላይ ይቀራል፣ ጥፋቱም የእሱ ይመስላል። ካርዱን ከመፍታት በፊት ኤስኤሚንፎ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ማን እያስተዳደረ እንደሆነ ይናገራል፣ ካልመለሰም የሚያስተዳድር የለም ማለት ነው። ሁለተኛ ኦፕንኤስኤም በሌላ ሰርቨር ላይ በተጠባባቂነት ማቆም ይህን ጣጣ ያስቀራል።

አይቢስታት ላይ ሊንክ ሌየር የሚለው መስመር ኢተርኔት ካለ ደግሞ ሊዱ ዜሮ መሆኑ ትክክል ነው። ፖርቱ ኢንፊኒባንድ መሆን ከነበረበት የካርዱን ቅንብር በሚቀይረው ኤምኤልኤክስኮንፊግ ሊንክ ታይፑን 1 አድርጎ ማሽኑን ሪቡት ማድረግ ያስፈልጋል።

ሬቱ ከ100 ወደ 25 ወርዶ ሲገኝ ፖርቱ በአራት መስመር ፋንታ በአንድ እየሄደ ነው። ስቴቱ ያኔም አክቲቭ ይላል! አይቢሊንክኢንፎ የተወደደው ለዚህ ነው፤ የመረቡን ሊንኮች በሙሉ ከአንድ ማሽን ዘርዝሮ፣ ከአቅሙ በታች የሚሄደውን ሊንክ ከዚህ በላይ መሄድ ይችል ነበር ብሎ ጎኑ ላይ ይጽፍበታል።

ፐርፍኩዌሪ የፖርቱን ቆጣሪዎች ያነባል። ሲምቦል ኤረር የሚለው፣ በኬብሉ ላይ ተበላሽተው የደረሱ ምልክቶችን የሚቆጥረው ቆጣሪ 65535 ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ዜሮ አይዞርም፤ ስለዚህ የቆየ ቁጥር አይቶ መፍረድ አይቻልም። ቆጣሪውን በትልቁ አር ምርጫ ዜሮ አድርጎ፣ አንድ ሰዓት ከባድ ስራ አስሮጦ፣ እንደገና ማንበብ ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እያደገ ከሄደ ኬብሉ ይቀየር። ሊንኩ ስንቴ እንደወደቀ የሚቆጥረው ሊንክ ዳውንድ ግን ወዲያኛው ማሽን ሪቡት ባደረገ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ እሱን ብቻ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ለዳታው መጠን ደግሞ የኤክስ ምርጫን መጠቀም ግድ ነው። ያለሱ ቆጣሪው 32 ቢት ነው፤ በአራት ባይት አንድ እየቆጠረ እንኳ በሙሉ ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ይሞላል። የሚታየውንም ቁጥር በ4 ማባዛት እንዳይረሳ።

አሁን ጉድለቱ። ጥቅሉ ከፖርቱ ወደ ውጭ ያለውን እንጂ ከካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ ያለውን አያይም። ባለ 16 መስመር ካርድ 8 መስመር ያለው ስሎት ውስጥ ቢሰካ፣ ወይም አጥብቆ ሳይገባ ቢቀር፣ አይቢስታት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 100 ይላል፤ በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው መንገድ) ላይ የሚያልፈው ግን 63 ጊጋቢት እንኳ አይሞላም። ይህን የሚያወጣው ኤልኤስፒሲአይ ነው፤ በሁለት ቪ አስነብቦ ሊንክ ስታተስ የሚለው መስመር ላይ 8 ጊጋ ትራንስፈር እና 16 ስፋት መኖሩን ማየት። ከዚያም በሁለት ኖዶች መካከል አይቢ ራይት ቢደብሊው የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ማስኬድ፤ ደህና ሊንክ ከ95 ጊጋቢት በላይ ይሰጣል። ይህ መለኪያ ፐርፍቴስት በሚባል ሌላ ጥቅል ነው የሚመጣው፤ አብሮ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለ።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ፈቃድ ነው። አይቢስታት በተራ ተጠቃሚ ይሠራል፣ ፐርፍኩዌሪና አይቢሊንክኢንፎ ግን ሩት (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) ይፈልጋሉ፤ የሚሰጡት የስህተት መልዕክት ደግሞ ካርዱ የሌለ ያስመስላል። ድራይቨር እንደገና ከመጫን በፊት በሱዱ መሞከር ነው።

ሁሉንም ኖድ ባንዴ ለማየት አይቢስታትን በፒዲኤስኤች (አንድን ትዕዛዝ በብዙ ማሽን ላይ በሚያስኬደው) አስኪዶ ውጤቱን በዲኤስኤችባክ ከሲ ምርጫ ጋር መጠቅለል ይቻላል፤ ተመሳሳይ መልስ የሰጡት በአንድ ይሰበሰባሉ፣ የተለየው ብቻውን ይወጣል። ለዚህ ግን ሊድና ጂዩአይዲ (የካርዱ መለያ ቁጥር) በየኖዱ ስለሚለያዩ ስቴትና ሬትን ብቻ በግሬፕ መርጦ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ፒንግ መለሰልኝ፣ ኤስኤስኤች ገባልኝ ብሎ መተማመን አይሆንም፤ ሁለቱም በማኔጅመንቱ ኢተርኔት በኩል እየሄዱ ሊሆን ይችላል፣ የኖዶቹ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ኤምፒአይም ኢንፊኒባንዱን ሲያጣ ድምፁን ሳያሰማ ወደዚያው ሊዞር ይችላል። ዩሲኤክስ የሚባለውን የመገናኛ ላይብረሪ ለሚጠቀም ስራ፣ ዩሲኤክስ ኔት ዲቫይስስ የሚለውን ተለዋዋጭ በካርዱ ስምና በፖርቱ ቁጥር ማሰር ይሻላል፤ ያኔ ፖርቱ ከወደቀ ስራው በኢተርኔት እየተንፏቀቀ ሌሊቱን ከሚያነጋ እዚያው ይቆማል።