ከአደጋ በኋላ የትኛውን ሞተር? አራት ሞተሮች ጎን ለጎን

የወደቅኩት ዝናብ ገና ባባራበት መንገድ ላይ ነው። ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ቆመ። የፊት ፍሬኑን በድንጋጤ ጭምቅ አደረግኩት። የፊት ጎማው ቆለፈ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አስፋልቱን ብቻ ነው። ሞተሬ አሮጌ 600 ሲሲ ነበር፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) የሌለው። የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ፣ ቀኝ ጉልበቴ ተጎዳ። የሞተሩ ሻንሲ ተጣመመና የጥገናው ሒሳብ ከራሱ ከሞተሩ ዋጋ በለጠ።

ሆስፒታል መጀመሪያ የደረሰልኝ የሥጋ ዘመድ አልነበረም። አብረን የምንነዳ ልጅ ነው። የሞተር ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። በእጁ የግራ ጓንቴን ይዟል። መዳፉ ላይ ያለው ቆዳ እስከ ስፌቱ ድረስ ተፍቆ አልቋል። «ይሄ ያንተ ቆዳ ነበር የሚሆነው» አለኝና አልጋዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ሌሎቹ ሞተሩን ከመንገድ አንስተው ቤት አድርሰውልኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ጥያቄው መጣ። አሁን ምን ልግዛ? ይህን የምጽፈው እዚያው ጥያቄ ላይ ለቆማችሁ ነው። ከታች የማወዳድራቸውን አራት ሞተሮች፣ ያማሃ ኤምቲ-07፣ ሮያል ኢንፊልድ ሂማሊያን 450፣ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 እና ሆንዳ ኤንኤክስ 500ን፣ የነዳኋቸው ጓደኞቼ ቁልፋቸውን ስለሰጡኝ ነው። ገና ከአደጋ ለተነሳ ሰው ሞተር ማዋስ ቀላል ነገር አይደለም። ሞተር ያለው ሰው ያውቀዋል።

ያንኑ መልሶ መግዛት

የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ይሄ ነው። ያንኑ ሞዴል ፈልጌ ልግዛ። ይገባኛል። እጅ ለምዶታል፣ እግር ማርሹን ሳያይ ያገኘዋል፣ ከአደጋው የተረፈው ሳጥንና መለዋወጫም ይገጥማል። ግን ያን ሞተር የመረጣችሁት ከአደጋው በፊት በነበራችሁ ጉልበትና ድፍረት ነው። አሁን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። አንጓው ቶሎ የሚደክም፣ እርጥብ መንገድ ሲያይ ትከሻው የሚገተር ሰው። ለዚያ ሰው ነው ሞተር መምረጥ ያለባችሁ።

ሁለተኛ ነገር፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ አትግዙ። እኔ ገና ጀሶው ሳይፈታ ማስታወቂያ ሳገላብጥ ነበር። ያኔ ብገዛ ኖሮ የምገዛው በቁጭት ነበር።

ኤቢኤስ ላይ ድርድር የለም

የፊት ጎማ ሲቆልፍ መሪው ሥራውን ያቆማል። ሞተር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጎማው እየተንከባለለ እስካለ ድረስ ነው። መንከባለሉ ሲቀር ሚዛኑም ይቀራል፣ ሰው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ኤቢኤስ ጎማው ሊቆልፍ ሲል የፍሬኑን ግፊት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እየለቀቀና እየያዘ መሽከርከሩን ያስቀጥላል። ለሞተር ሳይክል መጀመሪያ ያቀረበው ቢኤምደብሊው ነው፣ በ1988 በኬ100 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ከ2016 ጀምሮ፣ ለሚሸጡ አዳዲስ ሞተሮች በሙሉ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። በሌላው ገበያ ግን ከዚያም በኋላ ያለ ኤቢኤስ የተሸጡ አሉ። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ የሞዴሉን ስም አትመኑ። ጎንበስ ብላችሁ የፊት ቸርኬው መሃል አካባቢ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ቀለበትና ሴንሰሩን በዓይናችሁ እዩ። ቁልፉን ስታዞሩም የኤቢኤስ መብራት መብራት አለበት። ተነድቶ ትንሽ ከሄደ በኋላ ደግሞ መጥፋት አለበት። ጭራሹኑ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ የተጣለ ሊሆን ይችላል።

የማንሳት ፈተናው

ይሄን ያመጣው የቪ-ስትሮሙ ባለቤት ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ጠራኝ። ሁለት አሮጌ ጎማ መሬት ላይ አነጠፈ። ከዚያ የራሱን ሞተር፣ በየሳምንቱ በጨርቅ የሚወለውለውን፣ ቀስ አድርጎ ጎማዎቹ ላይ በጎኑ አስተኛው። «አንሳው» አለኝ።

አልቻልኩም። ማንሳቱን አላውቅም ማለት አይደለም። ጀርባን ለወንበሩ ሰጥቶ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ አንዱን እጅ መሪው ላይ ሌላውን የኋላ መያዣው ላይ አድርጎ፣ በእግር እየገፉ ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሞተሩ ማርሽ ውስጥ መግባት አለበት። በቀኝ የወደቀ ከሆነ ደግሞ ከማንሳቱ በፊት የጎን ማቆሚያው ይዘረጋል፣ አለዚያ ወደ ሌላው ጎን ይዟችሁ ይሄዳል። ዘዴውን አውቀዋለሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ አንጓዬ እምቢ አለ። እሱ ከጎኔ ገባና አብረን አነሳነው። ምንም አላለም። በሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ጓደኛችንን ሆንዳ አምጥቶ እዚያው ጎማ ላይ አስተኛው። እሱን አነሳሁት።

ሚዛን ላይ የሁለቱ ልዩነት 17 ኪሎ ነው። ሲያነሷቸው ግን ከዚያ በላይ ይሰማል። ቪ-ስትሮሙ 20 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ አለው፣ ነዳጁም ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ያማሃ ኤምቲ-07

689 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 73 ፈረስ ጉልበት አካባቢ። ክብደቱ ነዳጅ ሞልቶ 184 ኪሎ ነው፣ ከአራቱ ቀላሉ እሱ ነው። ወንበሩ 805 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም እግሬ መሬት ይረግጣል። ይሄ ለተጎዳ ጉልበት ትልቅ ነገር ነው። በወረቀት ብቻ ብወስን ኖሮ እሱን ነበር የምገዛው።

ግን ነዳሁት። ነዳጅ ሲሰጡት ከታች ጀምሮ ይስባል። ያ ጉልበት ለልበ ሙሉ ሰው ደስታ ነው። ለእኔ ግን በየመታጠፊያው ጥርስ የሚያስነክስ ሆነብኝ። ነፋስ የሚከልል ነገር ከፊቱ የለውም። ከ110 በላይ ሲሄድ ደረት ይገፋል፣ ያን ለመቋቋም እጅ መሪውን ይጨብጣል፣ አንጓ ያማል። 14 ሊትር ብቻ ስለሚይዝም ከቡድን ጋር ሩቅ ስትሄዱ ማደያ የምትፈልጉት መጀመሪያ እናንተ ናችሁ። ቀደም ያሉት ሞዴሎች ትራክሽን ኮንትሮል (የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን የሚቀንስ) የላቸውም። ከተማ ውስጥ ለሚነዳና ፍርሃቱ ለለቀቀው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አልመክርም።

ሮያል ኢንፊልድ ሂማሊያን 450

ስለዚህ አላበዛም። 452 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ 40 ፈረስ ጉልበት፣ 196 ኪሎ፣ 17 ሊትር። የፊት ቸርኬው 21 ኢንች ነው፤ ጉድጓድና ኮረት ላይ ይቅርታ ያደርግላችኋል። ወንበሩ ከ825 እስከ 845 ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። መንገዳችሁ አፈር ከሆነ ሌላውን ተዉትና እሱን ያዙ። አስፋልት ላይ ለረጅም ሰዓት በፍጥነት ስትነዱት ግን የነጠላው ሲሊንደር ንዝረት እጅ ላይ ይደርሳል። የእኔ እጅ አልወደደውም።

ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 እና ሆንዳ ኤንኤክስ 500

ያመነታሁት እነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ቀጥ አድርገው ያስቀምጣሉ፣ ሁለቱም ነፋስ ይከልላሉ፣ የሁለቱም የፊት ቸርኬ 19 ኢንች የኋላው 17 ነው፣ የወንበራቸው ከፍታ በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል፤ ሱዙኪው 835፣ ሆንዳው 830።

ቪ-ስትሮሙ 645 ሲሲ ነው፣ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በ90 ዲግሪ እንደ ቪ ፊደል የተከፈቱ፣ 71 ፈረስ ጉልበት፣ 213 ኪሎ። ከ2004 ጀምሮ ስለሚሸጥ ያገለገለው ሞልቷል፣ መካኒኮችም ያውቁታል። ሰው ጭኖና ሻንጣ አስሮ ዳገት ላይ መኪና መቅደም ሲያስፈልግ ትርፍ ጉልበት አለው። የኋላውን አሞርዛተር ጥንካሬ ያለ መፍቻ፣ በእጅ በሚዞር እጀታ ማስተካከል ይቻላል፤ አንድ ቀን ብቻውን ሌላ ቀን ሰው ጭኖ ለሚሄድ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ የማልወድለት ነገር፣ የዘይት ፊልትሩ ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ተጋልጧል። ድንጋያማ መንገድ ካለባችሁ የሆድ መከላከያ አብራችሁ ግዙ።

ኤንኤክስ 500 በ2024 የመጣ ስም ነው። ከዚያ በፊት ሲቢ500ኤክስ ይባል ነበር፣ ከ2013 ጀምሮ። 471 ሲሲ፣ 47 ፈረስ ጉልበት፣ 196 ኪሎ፣ 17.5 ሊትር። በአንድ ሊትር 27 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ ሰልባትዮው ቢያንስም ከቪ-ስትሮሙ ብዙም ቀድሞ ማደያ አይፈልግም። ጉልበቱ ያንሳል፣ አልዋሽም። ሰው ጭናችሁ ዳገት ስትወጡ አንድ ማርሽ መቀነስ አለባችሁ።

ውሳኔዬን የቆረጠው ፍሪሲዮኑ ነው። ይሄን ፈተና እናንተም ሞክሩት። ሞተሩ ላይ ተቀመጡ፣ ሳይነሳ፣ ፍሪሲዮኑን ሃምሳ ጊዜ ያዙና ልቀቁ። የመኪና መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት እንደ መንዳት ቁጠሩት። ቪ-ስትሮሙ ላይ ሠላሳ ሳልደርስ የሰበርኩት ቦታ ማቃጠል ጀመረ። ሆንዳው ከ2019 ወዲህ አጋዥ ፍሪሲዮን አለው፣ ማንሻው በሁለት ጣት ይያዛል። ሃምሳውን ጨርሼ ሳላስበው መቁጠሬን ቀጥዬ ነበር።

አካላችሁ ሙሉ ከሆነና ሩቅ የምትሄዱ፣ በተለይ ሰው የምትጭኑ ከሆነ ቪ-ስትሮሙን ውሰዱ። እንደ እኔ የቀረ ሕመም ካለባችሁ ወይም ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ ሆንዳውን። እኔ ያገለገለ ሲቢ500ኤክስ ገዛሁ፣ አጋዥ ፍሪሲዮኑ ከገባ በኋላ ያለውን።

ያገለገለ ስታዩ

ከአደጋ ወጥታችሁ ሌላ ሰው የወደቀበትን መግዛት አትፈልጉም። የመሪውን ጫፎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎችን ጫፍ፣ የእግር መርገጫዎቹን ዳር እዩ። ቆሞ የወደቀ ሞተር እዚያ ይጫራል፣ ያ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። መሪውን ወደ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ፤ መሪው ሄዶ የሚያርፍበት፣ ሻንሲው አንገት ላይ ያለ ትንሽ ብረት አለ። እሱ ከተቆለመመ፣ ከተሰነጠቀ ወይም በአዲስ ቀለም ከተሸፈነ ሞተሩ ከፊት በኃይል ተመትቷል። ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት።

ገንዘብ ስትመድቡ ደግሞ መጀመሪያ ለሄልሜት መድቡ። የወደቃችሁበት ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል። ውስጡ ያለው ፎም ጭንቅላትን የሚያተርፈው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፣ ከተጨፈለቀም አይመለስም። ለሌላ ሰው አትስጡት፣ አትሽጡት።

ወደ መንገድ ስትመለሱ

የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻችሁን አታድርጉት። እኛ ቡድን ውስጥ ሁለተኛው ቦታ፣ ከመሪው ቀጥሎ ያለው፣ ለአዲስ ሰው ነው የሚሰጠው። ለአሥር ዓመት ነድቼ ያን ቀን እዚያ አስገቡኝ። አልተቃወምኩም። አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ እየተፈራረቅን ተሰልፈን፣ በየመሃላችን የሁለት ሰከንድ ርቀት ትተን ሄድን። ማንም አልቀደመኝም። ከኋላዬ ያለው ሰው መብራቱን በመስታወቴ ውስጥ እያሳየኝ አንድም ጊዜ አልተጠጋኝም። እርጥብ መንገድ ስንደርስ መሪያችን ፍጥነቱን ቀነሰ፣ እኔ ስቀንስ አይቶ ሳይሆን ከእኔ ቀድሞ።

ስንቆም የቪ-ስትሮሙ ባለቤት ሞተሬን ዞሮ ዞሮ አየው። ፍሪሲዮኑን ያዝ ለቀቅ አደረገ። «እስቲ ትንሽ ልሞክረው?» አለኝ።

ቁልፉን ሰጠሁት።