የኪቦርድ ሰርኪዩት ቦርድ ሲቀየር፦ የሚበየድ ወይስ ሶኬት ያለው?

የመካኒካል ኪቦርድ ሰርኪዩት ቦርድ ተበላሽቶ መቀየሩ ግድ ሲሆን፣ ስዊቾቹ (በየቁልፉ ሥር ያሉት መጫኛዎች) በሊድ የሚበየዱበትን ወይም ሶኬት ላይ የሚሰኩበትን ቦርድ መምረጥ ይቻላል። የትኛውም ቢመረጥ የብሎን ቀዳዳዎቹና የዩኤስቢ መግቢያው ከኪቦርዱ ሣጥን ጋር መግጠማቸው ከግዢ በፊት መረጋገጥ አለበት። አሮጌው ቦርድ የተበየደ ከሆነ ደግሞ ካውያ መያዝ አይቀርም፤ የእያንዳንዱ ስዊች ሁለት የብረት እግሮች ሞቀው፣ የቀለጠው ሊድ በመምጠጫ እስኪነሳ ድረስ ስዊቹን መጎተት አይገባም።

የሚበየደው ቦርድ ትልቁ ጥቅም የአቀማመጥ ነፃነት ነው። አንዱ ቦርድ ለተለያየ የኢንተር፣ የሺፍትና የስፔስ ቁልፍ አደራደር የሚሆኑ ትርፍ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይችላል፤ ሶኬት ግን ቦታ ስለሚይዝ ተደራራቢ አደራደሮችን እምብዛም አያስተናግድም።

በሌላ በኩል፣ የተበየደ ስዊች ሲበላሽ እንደገና ማቅለጥ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ከበዛም እግሩ የተበየደበት የመዳብ ንጣፍ ከቦርዱ ሊላቀቅ ይችላል። ሶኬት ያለው ቦርድ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል፤ ስዊቹ በመንቀያ ወጥቶ ሌላው በሰከንዶች ይተካል። ጥንቃቄ የሚሻው ሲሰካ ነው፦ እግሩ ትንሽ ከተጣመመ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ ይታጠፋል፤ በኃይል ሲጫኑትም ሶኬቱ ራሱ ሊነቀል ስለሚችል ከጀርባው በጣት መደገፍ ይበጃል። ባለ 5 እግር ስዊች (ሁለት የብረት፣ አንድ ወፍራም የመሃልና ሁለት ቀጫጭን የጎን የፕላስቲክ እግሮች ያሉት) ባለ 3 ቀዳዳ ቦርድ ላይ እንዲገባ ሁለቱ የጎን የፕላስቲክ እግሮች ይቆረጣሉ።

ያልተለመደ አደራደር ለማይፈልግ ሰው ሶኬት ያለውን ያለማመንታት እመክራለሁ።