ከቤት ለቤት ሻጭ «ኩርኩሚን» ለምትገዙ የጅማ ነዋሪዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ውድ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ይህን የምጽፈው ባለፉት ወራት በእናቴ ላይ የደረሰው በሌላ ቤት እንዳይደገም ነው። በሰፈሮቻችን ውስጥ በእድር ስብሰባና በቡና ሰዓት እየተገኙ «ኩርኩሚን» (ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ውህድ ስም ነው) የሚል ጽሁፍ ያለበት የእርድ እንክብል የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እኛ ቤት የመጣችው ሻጭ ጎረቤት ያስተዋወቀቻት፣ አነጋገሯ ትሁት የሆነ ወጣት ሴት ነበረች። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ የስኳር በሽታም ስላለባት በየቀኑ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ሻጯ ይህን ከሰማች በኋላ እንክብሉ ቁርጥማትን እንደሚያጠፋ፣ ስኳርን እንደሚያወርድ፣ ጉበትን እንደሚያጸዳና ካንሰርን እንደሚከላከል አስረዳቻት። ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ «እማማ፣ እርድ እኮ ነው፤ እርድ ማንን ጎድቶ ያውቃል?» የሚል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አልጫ ወጥ በእርድ ስትሠራ ለኖረች ሴት ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ቃል አልነበረም።

እናቴ ሁለት ብልቃጥ በ7,200 ብር ገዛች፤ ደረሰኝ አልተሰጣትም። ይሁን እንጂ ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሻጯ ስትወጣ «ሰውነትዎ ሲለምደው የሐኪም ቤቱን ኪኒን ቀስ እያሉ ይተዉታል» ብላት መሄዷ ነው። እናቴ ለእኛ ለልጆቿ ሳትነግር ሜትፎርሚኑን አቆመች። በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት ለሽንት ደጋግማ መነሳትና ውሃ ጥም ሲበረታባት ወደ ሐኪም ወሰድናት፤ ምንም ሳትቀምስ የተለካው ስኳሯ 286 ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቷን እንደገና ከጀመረች በኋላ ስኳሯ እየወረደ መጥቷል። ጉልበቷ ግን እንክብሉን ስትወስድም ሆነ ከተወችው በኋላ ለውጥ አላሳየም።

ከዚህ በኋላ ብልቃጡን ይዤ ጽሁፉን በጥሞና አነበብኩት። ከፊት ለፊት በትልልቅ ፊደል «የእርድ ኩርኩሚን 1,000 ሚሊ ግራም» ይላል። ከጀርባው፣ በዓይን ለማንበብ በሚያስቸግር ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሁፍ፣ ይህ መጠን የሁለት እንክብል ድምር እንደሆነ፣ ከዚህም ውስጥ 900 ሚሊ ግራሙ የተፈጨ የእርድ ሥር፣ 100 ሚሊ ግራሙ ብቻ 95 በመቶ ኩርኩሚን የያዘ የተጣራ ውህድ እንደሆነ ተገልጿል። የተፈጨ እርድ በውስጡ የሚይዘው ኩርኩሚን በአማካይ ከክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ከ900 ሚሊ ግራሙ የሚገኘው 27 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ከተጣራው የሚገኘው 95 ሚሊ ግራም ሲደመርበት ጠቅላላው 122 ሚሊ ግራም ይሆናል። 1,000 ተብሎ የተሸጠልን ከስምንት አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው ማለት ነው። የቀረው ከሂርማታ ገበያ በጥቂት ብር የሚገዛው፣ ከወጥ ቤታችን የማይጠፋው እርድ ነው።

ለፍትሐዊነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። ኩርኩሚን የፈጠራ ወሬ አይደለም። ይህ ውህድ እ.ኤ.አ. በ1815 ከእርድ ተለይቶ የወጣ፣ ከዚያ ወዲህም በብዙ ቤተ ሙከራዎች የተጠና ነው፤ በጉልበት መገጣጠሚያ ህመም ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶችም ህመሙን በመጠኑ እንደሚያስታግስ አመልክተዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን ለአጭር ጊዜ የተከታተሉ ናቸው። በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ባለ ህዋስ ላይ የሚታየው ውጤት በሰው አካል ውስጥ ሲፈለግ የሚጠፋበት ምክንያትም የታወቀ ነው። ኩርኩሚን በውሃ አይሟሟም፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለፈውንም ጉበት ፈጥኖ ለውጦ ያስወግደዋል። የመድኃኒት ኬሚስትሪ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ ከ120 በላይ የሚሆኑ በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ጠቅሰው፣ ታካሚውም ሐኪሙም ማን እውነተኛውን፣ ማን ማስመሰያውን እንደወሰደ ሳያውቁ ከተካሄዱት ጥብቅ ሙከራዎች መካከል የተሳካ እንደሌለ ደምድመዋል። ስኳርን የሚያድን፣ ካንሰርን የሚከላከል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሳይንሱ ያልደረሰበትን ነው የሚነግራችሁ።

ሻጮቹ ይህን ችግር የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አሁን አሁን «በቁንዶ በርበሬ የተጠናከረ» የሚባል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ዓይነት ይዘው መምጣት ጀምረዋል። በህንዷ ባንጋሎር ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ፒፐሪን የተባለው የቁንዶ በርበሬ ውህድ 20 ሚሊ ግራም ከ2 ግራም ኩርኩሚን ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ2,000 በመቶ እንደጨመረ ማሳየቱ እውነት ነው። ሆኖም ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው ጉበት ባዕድ ነገርን የሚያስወግድበትን ሥራ በማዘግየት ጭምር ነው፤ ስለዚህ የሚዘገየው ኩርኩሚን ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚወሰደው የሐኪም መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ገዢው በሁለት በኩል ይጎዳል፤ እንክብሉ ወደ ደም የማይገባ ከሆነ ገንዘቡ ይባክናል፣ በግድ እንዲገባ ከተደረገ ደግሞ ጉበቱ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትና በእንክብሎች ሳቢያ የሚደርስ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች እስከ እ.ኤ.አ. 2022 ድረስ ከእርድ እንክብል ጋር የተያያዙ 10 ታካሚዎችን መዝግበው ነበር፤ ከእነዚህ አምስቱ ሆስፒታል ተኝተው ታክመዋል፣ አንዱ ጉበቱ ሥራ አቁሞ ሞቷል። ቁጥሩ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን «ጉበትን ያጸዳል» ተብሎ በሚሸጥ ነገር ጉበቱ የተጎዳ ሰው መኖሩን ማንም ሻጭ አልነገረንም። እንክብሉን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ሰውነቱን ካሳከከው «የወፍ በሽታ ነው፣ በባህል መድኃኒት ይለቃል» ተብሎ መቆየት የለበትም፤ እንክብሉን ወዲያው አቁሞ፣ ብልቃጡንም ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኖርበታል።

ደም የሚያቀጥን እንደ ዋርፋሪን ያለ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የሐሞት ጠጠር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡር የሆኑና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ይህን እንክብል ፈጽሞ እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ። ኩርኩሚን ብረትን ስለሚይዝ የደም ማነስ ላለበት ሰውም አይመከርም። ይህ ሁሉ በወጥ ውስጥ ስለሚገባው እርድ የተባለ አይደለም፤ በማንኪያ ጫፍ አልጫ ላይ የሚነሰነሰውና በየቀኑ ተጨምቆ በእንክብል የሚዋጠው መጠን እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ገንዘባችንን ለማስመለስ ሻጯን ደውለን ጠርተናት ነበር። የተከፈተው እንደማይመለስ፣ ያልተከፈተውም «ከላይ ያሉት» ካልፈቀዱ እንደማትቀበል ነገረችን፤ ከዚያ በኋላ ስልኳን አላነሳችም። ደረሰኝ ስላልነበረን፣ ብልቃጡም ላይ ያስመጪው ስምና አድራሻ ስላልነበረ የምንከሰው አካል አጣን። ስለዚህ እባካችሁ፣ ማንም ቢያስተዋውቃችሁ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ደረሰኝ ከማይሰጥ ሰው የሚዋጥ ነገር አትግዙ። አስመጪው ማን እንደሆነ፣ ምርቱም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም ብልቃጡን በሰፈራችሁ ላለ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ አሳዩ። የሚታመን ሻጭ አንድ ቀን ቢጠብቅ አይከፋውም። እናትና አባት ያሏችሁ ደግሞ የኪኒን መያዣቸውን አልፎ አልፎ ቁጠሩ፤ እኔ ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ባወቅሁ ነበር።

ሁለተኛው ብልቃጥ ክዳኑ እንደታሸገ ቤታችን አለ። የጀርባውን ጽሁፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተርጉሜ በትልልቅ ፊደል ለጥፌበታለሁ፤ እናቴም ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣው፣ ቡና ሊጠጣ ለሚመጣ ጎረቤት ሁሉ አንስታ ታስነብበዋለች።