ከፒያሳ አዘዞ፦ አንዱን መስመር መጠበቅ ወይስ የቀደመው ላይ መግባት?

ጠዋት ጎንደር ፒያሳ ቆማችሁ ወደ አዘዞ ስትሄዱ አስቡት። ተሳፋሪ መስመሩን እንዴት እንደሚመርጥ የሚያሰሉ ሁለት ሞዴሎች አሉ። የመጀመሪያው ሞዴል ተሳፋሪው ገና ከቤቱ ሳይወጣ አጭሩን መስመር መርጦ በቃ እሱን ብቻ ይጠብቃል ብሎ ነው የሚያሰላው። ሁለተኛው፣ የትራንስፖርት ተመራማሪዎቹ ስፒስና ፍሎሪያን በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ሰው የሚያዋጡትን መስመሮች ለይቶ ይቆምና ከነሱ ቀድሞ የመጣው ላይ ይገባል ይላል።

ለምሳሌ ቀጥታው ታክሲ በአማካይ 20 ደቂቃ አስጠብቆ 25 ይሄዳል እንበል፣ ማራኪ ላይ የሚያስቀይረው ደግሞ 10 አስጠብቆ ከነመቀየሩ 30፣ አመጣጣቸው እንዲሁ በዘፈቀደ ከሆነ ቀጥታውን ብቻ የሚጠብቅ 45 ደቂቃ፣ ሌላውን ብቻ የሚጠብቅ 40፣ የቀደመውን የሚይዝ ግን ጥበቃው ወደ 7 ወርዶለት በጠቅላላው 35 ይፈጅበታል። ዘምቢሏን ይዛ አንገቷን አስግጋ የረዳቶቹን ጥሪ የምታዳምጥ እናት ይሄንን ያለ ወረቀት ነው የምታሰላው፣ ለዛ ነው እኔ ሁለተኛውን የምመርጠው።

የመጀመሪያው ሞዴል፣ መነሻ ሰዓቱ ለታወቀ አውቶብስ ይበቃል። ሁለተኛው ግን ወንበር ሁሌም አለ ብሎ ስለሚነሳ፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሞልተው የሚያልፉትን ሚኒባሶች ከቁጥሩ ካላወጣንለት ጥበቃውን አሳንሶ ነው የሚነግረን፣ እና እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።